ለበረራ ሰዓት ማስያ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሕይወት ላለች አክስቴ ስለተለቀሰው ለቅሶ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። መቼም እርስዎ አይቸገሩም። ሁለት ከተማ ሲጠሩልዎ ወዲያው ይመልሳሉ። አዲስ አበባ ዋሽንግተን? 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 14 ሰዓት። አለቀ።

ባለፈው አርብ አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ከቦሌ የተነሳችው ማታ አራት ሰዓት ተኩል ነው። አራት ኪሎ ያለው ቤታችን ከሸኚ አልተላቀቀም። እኔ ደግሞ «ስልክ የሚያውቀው ልጅ» ነኝ። «መቼ ትደርሳለች?» አሉኝ። እርስዎን ጠየቅኩ። «ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል መሬት ናት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ስድስት ተኩል ሆነ። ሰባት ሆነ። ልጇ ስልክ አታነሳም። (እዚያ ገና አልነጋም፤ እሱንም አልነገሩንም።) ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ሬዲዮ ከፈቱ። ከዚያ አንዷ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ነጠላዋን! እናቴ ያንን ስታይ ምን እንደሆነች ልንገርዎት? ግፊት ያለባት ሴት ናት። የሄደችው እህቷ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ስትመታ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚህ አልቀልድም።

አሥር ሰዓት ሲል አክስቴ ደወለች። «መሃል ላይ አርፈን ነዳጅ ቀድተን እኮ ነው» አለች፣ እየሳቀች። ጋሼ ሬዲዮውን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ስልክህ መብራት ሲጠፋ ለባትሪነት ይሁንህ።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሳትቀር።

ነገሩ እኮ ምስጢር አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን እዚያ ድረስ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሞልቶ፣ የሁላችንንም በርበሬና ሽሮ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀዳል። በዚያ ላይ የላይኛው ንፋስ የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄድ ይጋፈጠዋል። ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ተነስቶ፣ ንፋሱ ከኋላ እየገፋው፣ 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ይገባል። እርስዎ መሄጃውንም መመለሻውንም ለአንድ ፍጥነት አካፍለው ይለጥፋሉ።

ሰዓትዎን ወደ እኛ ለመመለስ ሁሌ ስድስት መቀነሴን አላነሳብዎትም። እንግዳ መጣ ተብሎ መንገድ ተዘግቶ መስቀል አደባባይ የምንገተረውን፣ ኤርፖርት በር ላይ ጫማና ቀበቶ አውልቀን የምንሰለፈውንም ጉዞ ብለው አይቆጥሩትም። ይሁን።

አሁን ጭንቄ ሌላ ነው። አክስቴ ስትመለስ ቶሎ ነው የምትገባው ብዬ ለቤተሰቡ ተናገርኩ። የሚሰማኝ ጠፋ። እባክዎን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፉልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
የድንኳን ማስቀመጫውን ቁልፍ ይዘው ለመጡት ለዕድራችን ዳኛ