ጎርፍ ተራ አይጠብቅም

ሰሞኑን በሰፈራችን በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ ለውስጥ ለውስጥ መንገድና ለጎርፍ መውረጃ ቦይ የተመደበው የመንግሥት ድጋፍ እንዴት እንደሚከፋፈል አስረዱን። እንደ ገለጻቸው፣ የድርሻውን ጥሬ ገንዘብ እስከ ሰኔ 30 ያስገባ ሰፈር ቅድሚያ ያገኛል፤ ያላዋጣው ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እኛ የታችኞቹስ?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እናንተም አዋጡ» የሚል ነበር። ይህ አሠራር ከተማችንን ጅማን የሚጎዳ፣ ድሃውንም ሁለት ጊዜ የሚቀጣ ስለሆነ ሳይጀመር መቆም አለበት።

ኃላፊው ለአሠራሩ ያቀረቡት ምክንያት «ሕዝብ ያላዋጣበትን ነገር የእኔ ብሎ አይጠብቅም» የሚል ነው። ከዚህ የደከመ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም። በአዌቱ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር ዶማና አካፋ ይዞ እየወጣ የተደፈነውን ቦይ የሚጠርገው የመዋጮ ደረሰኝ በእጁ ስላለ አይደለም፤ ካልጠረገ ውኃው ልጆቹ የተኙበት መደብ ድረስ ስለሚገባ ነው። በአንጻሩ ነዋሪው ከኪሱ ያዋጣበት ጌጠኛ ድንጋይ የውኃ መስመር ለመቅበር ተነቅሎ፣ ወራት ቢያልፉም መልሶ የሚያነጥፈው ጠፍቶ ሲቆይ በዐይናችን አይተናል። ያንን ድንጋይ ያዋጣው ሕዝብ አልነቀለውም። «አላዋጣም» የተባለው ድሃስ ቢሆን መቼ ከመክፈል ቀርቶ ያውቃል? ሳሙና በገዛ ቁጥር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ ድጋፉ ከብድር የመጣ ከሆነም ዕዳውን የሚከፍሉት የእሱም ልጆች ናቸው።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ውኃው የሚሄድበትን አቅጣጫ መከተል ይበቃል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አዌቱ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ መሬቷም ከጅሬን በኩል ካለው ከፍታ ወደ ቦዬ ረግረግ ያዘቀዝቃል። የአፈር መንገድና ባዶ ግቢ ከሚወርድባቸው ዝናብ የተወሰነውን ወደ ውስጥ ያሰርጋሉ፤ አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን የተቀበሉትን ወዲያው ወደ ታች ይሰዳሉ፤ ጌጠኛ ድንጋይም ቢሆን የሚያስቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ላይኛው ሰፈር መንገዱን ባነጠፈ ቁጥር ታችኛው ሰፈር የሚደርሰው ውኃ ይበዛል፤ የሚደርስበትም ጊዜ ያጥራል። አሁን ይህን በመዋጮ ቅደም ተከተል ላይ እናስቀምጠው። ነጋዴው፣ ቡና አቅራቢውና ቤት አከራዩ የሚበዙበት የላይኛው ሰፈር ድርሻውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያስገባል፤ መንገዱ ይነጠፍለታል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝም ቦይ ይሠራለታል። ቦዩ የት ላይ ያበቃል? መዋጮው ያበቃበት ቦታ ላይ፣ ማለትም የሰፈሩ ወሰን ላይ። ቀድሞ በብዙ ግቢዎችና ጥጋጥጎች ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ ከዚያ በኋላ በአንድ የግንብ ቦይ ተሰብስቦ፣ ጉልበት ገዝቶ፣ ገና ተራውን በሚጠብቀው ሰፈር ላይ ይለቀቃል። የታችኛው ሰፈር መጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ይፈሳሉ፤ ልጆች በዚያው ውኃ ውስጥ እየተራመዱ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ቦይ የሕዝብን ቤት አጥለቀለቀ ማለት ይህ ነው። ከመውጫው ያልተጀመረ የጎርፍ ቦይ ውኃን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም እንደሌለው በግንባታ ቦታ የዋለ ፎርማን ሁሉ ያውቃል። ሥራው ከታች ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች የሚንጠባጠብበትን አሠራር ምን ዓይነት ባለሙያ እንዳጸደቀው ሊነገረን ይገባል። ጉዳቱም በከተማዋ ብቻ አይቀርም፤ አዌቱ ጠርጎ የሚወስደው ደለል በቦዬ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ደለሉ የሚጠራቀምበት፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ።

የተመረጠው ጊዜም ያስቆጣል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ መሆኑ ለሒሳብ ሠራተኛው ይመቸው ይሆናል፤ ለጅማ ድሃ ግን ከዓመቱ ሁሉ ኪሱ ባዶ የሚሆንበት ወቅት ነው። በዚህ አገር ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በመጋዘን ተቀምጣ ቡና የምትለቅም ሴት በሰኔ ወር ለልጆቿ እራት ስታስብ ለቦይ መዋጮ አምጪ ማለት «ሰፈርሽ ይቅር» እንደማለት ነው።

ሕዝብ በገዛ ልማቱ መሳተፉን አልቃወምም። በደቦና በዳዶ ያደገ ሕዝብ ስለ ትብብር ትምህርት አያሻውም፤ ጉልበቱንም ድንጋዩንም ይሰጣል። የምቃወመው ጥሬ ገንዘብ የወረፋ መግዣ መሆኑን ነው። በ2010 ዓ.ም. ተጀምሮ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም እንኳ ገንዘቡን ያከፋፍል የነበረው የከተሞችን የዕቅድ፣ የግዥና የሒሳብ አያያዝ አፈጻጸም እየመዘነ ነበር። የተመዘነው ማዘጋጃ ቤቱ እንጂ የድሃ ኪስ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 መንግሥት ዜጎች የሀገሪቱን ሀብት በፍትሐዊነት የሚጠቀሙበትን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። ውሳኔው ካለቀ በኋላ አዳራሽ ጠርቶ የክፍያ ቀን መንገር ሐሳብ መጠየቅ አይደለም።

ሰኔ 30 ሳይደርስ ይህ የቅድሚያ ደንብ ይነሣ፤ የሥራው ቅደም ተከተልም በመሬቱ ተዳፋትና በጎርፉ ጉዳት ይወሰን። ለዚህ የሚያስፈልገውን ልኬት የሚሠራ ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣት አያሻም፤ የሃይድሮሊክ ምህንድስና የሚያስተምረው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ከዚያም የሚሠሩት ቦዮች ዝርዝር፣ የእያንዳንዳቸው ወጪና መውጫቸው የት እንደሆነ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይለጠፍ፤ ያቺ ከኋላ የተቀመጡ እናትም የሰፈራቸውን ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ያግኙት።