ለሦስት ቀን አልፈታ ያለ አንድ ብሎን

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሥራዬን ጥዬ አንድ የሰፈር ጋራዥ በራፍ ላይ፣ በተገለበጠ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ውያለሁ። ሞተር ነክሶብኝ ወይም ካምቢዮ ተሰብሮብኝ ቢሆን ኖሮ አንድም ቃል ባልጻፍሁ ነበር። ሦስት ቀን ያስቀመጠኝ ግን የኋላውን ብራቾ (የመኪናውን እግር የሚይዘውን የብረት ክንድ) ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በ17 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ አንድ ብሎን ነው። «የሚፈታ» ያልሁት ለወጉ ያህል ነው።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1991 ሥሪት ኮሮላ ናት። «ለምን አትለውጣትም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የኤሌክትሪኩን ዋጋ ጠይቄ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ያለችኝን እየጠገንሁ ማቆየት ግዴታዬ ነው።

የቀኝ የኋላ እግሯ በኮብልስቶን መንገድ ላይ «ቋ ቋ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ መርማሪው ጎማውን ይዞ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገና የብራቾው ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ማለቁን ነገረኝ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎሚኒዎቹን ገዛሁ። መካኒኩም «የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ ጋሼ፣ ቡናዎትን ጠጥተው ይምጡ» አለኝ። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ቁልፉን አንድ ሜትር በሚሆን የውኃ ቧንቧ አስረዝመው እሱና ረዳቱ ሲንጠለጠሉበት አገኘኋቸው።

ሰውን የሚያሞኘው ብሎኑን ከጫፉ የሚያስረው ዳዶ በሰላም መውጣቱ ነው። ዳዶው ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ግን ረዳቱ ብሎኑን ሲያዞረው ሩብ ዙር ያህል እሺ ብሎ ይሄድና፣ ቁልፉን ለቀቅ ሲያደርገው ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብሎኑ የሚያልፈው በጎሚኒው መሐል ባለች የብረት ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ባለችው ፀጉር በማታስገባ ክፍተት የሠላሳ ክረምት ውኃ እየገባ ሁለቱን ብረቶች አጋብቷቸዋል። ዝገት ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ይይዛልና፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲያብጥ ከብየዳ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል። እኛ ብሎኑን ያዞርን ሲመስለን የምንጠመዝዘው ላስቲኩን ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ቢጠመዝዙት ተመልሶ ይፈታል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ዝገቱ አይደለም፤ ብረት ባሕርዩ ነው። ይህች መኪና ከእኔ በፊት በብዙ እጅ አልፋለች፤ ይህን ብሎንም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰው ፈትቶ መልሶታል፤ ዳዶው የመጀመሪያው አለመሆኑ ያስታውቃል። ያ ሰው ብሎኑን ሲመልስ ጣቱን ግራሶ (የማሽን ቅባት) ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ቀባ ቢያደርገው ኖሮ እኔ ጀሪካን ላይ አልቀመጥም ነበር። ብሎን፣ ዳዶ፣ ብራቾ፣ ጎሚኒ እያልን የጋራዡን መዝገበ ቃላት ከጣሊያን ወስደናል፤ ግራሶም ከዚያው የመጣ ነው፤ የእሱን ግን ቃሉን ብቻ የወሰድነው ይመስለኛል። ላቫጆ ቤቶቻችንም ከዚህ አይሻሉም። ከሥር በኃይለኛ ውኃ ካጠቡ በኋላ «ለዝገት ነው» እያሉ ናፍጣ ይረጩበታል፤ ናፍጣው ቱቦው ውስጥ አይደርስ፣ ላስቲኩን ግን እያሳበጠ ያበላሻል።

ወደ ብሎኑ ልመለስ። መጀመሪያ የመጣው መዶሻ ነው። ረዳቱ ዳዶውን በጫፉ ላይ ሳይመልስ የብሎኑን ጫፍ ስለመታው ጥርሱ እንደ እንጉዳይ ተንፈረጠጠ፤ ከዚህ በኋላ ብሎኑ ከቱቦው ቢላቀቅ እንኳ በቀዳዳው አያልፍም ማለት ነው። ቀጥሎም ባለ 12 ማዕዘን ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) አምጥቶ የብሎኑን ራስ ላጠው። ለእንዲህ ያለው ብሎን ባለ 6 ማዕዘኑ ነው የሚሻለው፤ ጎኑን ሙሉ ለሙሉ ይይዛል፤ ባለ 12ቱ ግን የሚይዘው ጠርዝ ጠርዙን ነው። ይህን ስናገር መካኒኩ «ጋሼ ኢንጂነር ነዎት እንዴ?» አለኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ከፋይ ነኝ።

በማግስቱ ማለዳ የብየዳ ጋዝ እየተገፋ መጣ። እሳት ለታሰረ ዳዶ ፍቱን መድኃኒት መሆኑን አልክድም፤ ዳዶው ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከብሎኑም ይላቀቃል። የእኛ ዳዶ ግን ትናንት ወጥቶ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። የሚሞቀው ላስቲክ ነው፤ የነዳጅ ታንኩም ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከእሳቱ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነው። «አይዞዎት፣ እርጥብ ጨርቅ እናለብሰዋለን» ሲሉኝ ቁልፌን ይዤ መኪናዬ ፊት ቆምሁ። ያ ቀን በዚህ ክርክር አለቀ።

መፍትሔው በሦስተኛው ቀን የመጣው ከጎረቤት ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ) ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ጎንበስ ብለው አዩና «ጎሚኒው ይጣላል አይደል? ብሎኑም ይጣላል አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል፣ ቁረጡት» አሉ። በብራቾው ጫፍና በማቀፊያው ብረት መካከል የመጋዝ ምላጭ የምታስገባ ክፍተት አለች፤ ብሎኑ በግራና በቀኝ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ብራቾው ራሱ ወረደ። ጎሚኒውን ከነብሎን ጉማጁ በፕሬስ ገፍተው አወጡት። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የከፈልሁት፣ ሊጣል የተወሰነበትን ዕቃ ከጉዳት ለማዳን ነበር።

አዲስ ብሎን መግዛቱም የራሱ መከራ አለው። ረዳቱ ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝቶ ያመጣው ብሎን ውፍረቱም ርዝመቱም ልክ ነው፤ የመኪናዋ ዳዶ ግን ሁለት ዙር ሄዶ ተቀረቀረ። የጃፓኑ ብሎን በጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ብዙውን ጊዜ 1.75 ነው፤ ሁለቱ አይጋቡም። ረዳቱ «በቁልፍ ሲጠብቅ ይገባል» ብሎ ሊያስገድደው ነበር። ከዚያ ይልቅ ያስፈራኝ የብሎኑ ራስ ላይ አንድም ቁጥር አለመጻፉ ነው። 8.8 ወይም 10.9 የሚለው ምልክት የብረቱን ጥንካሬ የሚናገር ነው፤ ምልክት የሌለውን ብሎን አልጋ ቢያስሩበት እንጂ እግር አይታሰርበትም። ሶማሌ ተራ ተመልሼ፣ ከተፈታች ኮሮላ የወጣ፣ ጥርሱ ያልተነካ የራሷን ብሎን ገዛሁ።

ሲታሰር ግራሶውን በራሴ ጣት ቀባሁ። ጥርሱን ትቼ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ነው የቀባሁት። ረዳቱ ሳቀብኝ። ከዚያ መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ እግሯ እንደተንጠለጠለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ሊያጠብቅ ሲል ሦስተኛውን ጠብ አነሳሁ። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይኖራል፤ ተጠማዝዞ የሚኖር ጎሚኒ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ለስለስ ተደርጎ ታስሮ፣ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ፣ የራሷ ክብደት ካረፈባት በኋላ ነው የሚጠብቀው። መካኒኩ «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የምናስረው» አለኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት እንዲያ የታሰረውን ነው ሦስት ቀን የፈታሁት።

ቆርጠው ያወጡትን ጉማጅ ከነቱቦው ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሁንም አይላቀቅም። የቀኙ እግር ድምፅ ጠፍቷል። የግራው «ቋ ቋ» ማለት የጀመረው ትናንት ማታ ነው፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዤ መጋዙን ከአሁኑ ገዝቻለሁ።