ቆንስሉ ሄዷል፣ ምስክሩ ግን አልመጣም

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው እና አትቀየሙኝ።

ቅኝ ያልተገዛን ህዝብ ነን ስንል ደስ ይለናል። እኔም ደስ ይለኛል፣ አድዋ ሲነሳ ልቤ ይሞቃል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ከአድዋ 12 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ የኛ ነጋዴ ለአንድ ፈረንሳዊ ቆዳ አስረክቦ ገንዘቡን ቢከለከል በምን ህግ ይዳኝ ነበር? አብዛኞቻችን በገዛ ሀገሩ ነዋ፣ የሀገሩ ዋና ዳኛ አፈ ንጉሡ ፊት ይቆማል፣ በሀገሩ ህግ ይፈረድለታል እንላለን። አይደለም ወገኖቼ። በፈረንሳይ ህግ ነበር የሚዳኘው፣ ቆንስል የሚባለው የፈረንሳይ መንግስት ወኪልም በነገሩ ገብቶ።

ይሄ ከየት መጣ ላላችሁ፣ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ክሎቡኮውስኪ የሚባል የፈረንሳይ መልክተኛ ከአጼ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉ የንግድ ውል ነው፣ ስለ ቀረጥ ስለ ንግድ ምናምን ይናገራል፣ ከውጭ በሚገባ እቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳያልፍ ያስራል፣ ይሄም ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ግን ያማችኋል። ሁለት ፈረንሳዮች እዚህ ሀገር ላይ ቢጣሉ፣ ቢሰራረቁ፣ ቢገዳደሉም የኢትዮጵያ ዳኛ አያገባውም፣ ጉዳዩ የቆንስሉ ነው። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ከተካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ፣ የሚፈረደው በተከሳሹ ሀገር ህግ ነው። እኛን ሲከሱን በኛ ህግ፣ እኛ ስንከስ ግን በነሱ ህግ ማለት ነው። ወረቀት ላይ እኩል ይመስላል አይደል? ቆዳ የሸጠው ሰውዬ ግን በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ አንድ ቀን እንኳ አይቶት የማያውቀው ህግ እየተገለጠ ነው ሀቁን የሚፈልገው።

በዚህም አላበቃም። ሌሎቹ መንግስታት ለፈረንሳይ የተሰጠው ለኛም ይገባናል አሉ፣ አገኙም። ከዛ ደግሞ የቆንስላ ጥገኛ የሚባል ነገር መጣ፣ ህንዱም አረቡም አርመኑም ግሪኩም በአንዱ ወይ በሌላው መንግስት ቆንስላ ስር እየተመዘገበ የሱቁ ደጃፍ ላይ የኢትዮጵያ ህግ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ዘመን ሆነ። ሰፈርህ ውስጥ ዱቄት የሚሸጥልህ ሰው ሚዛን ቢያጎድልብህ ጉዳይህ የውጭ ጉዳይ ሆነ ማለት እኮ ነው!

ምኒልክን ለመውቀስ የምትሮጡ ደግሞ ቆይ ተረጋጉ። ውሉ ሲፈረም እንግሊዝ ፈረንሳይና ጣሊያን በፈረንጆቹ 1906 እርስ በርሳቸው ተዋውለው ሀገሪቱን የኔ ድርሻ ያንተ ድርሻ ተባብለው ጨርሰዋል፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ወደ አዲስ አበባ መምጣት አቅቶታል፣ ሀዲዱ ያለው በፈረንሳይ እጅ ነው፣ ወደቡም ጅቡቲ የፈረንሳይ ነው። ያ ሁሉ አንገት ላይ ታስሮ ነው የተፈረመው። እንደውም በዛው 1900 ዓ.ም. ነው ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አድርገው። በአንድ ዓመት ውስጥ የፍርድ ሚኒስትርም ተሾመ፣ ፍርዳችንም ተሸራረፈ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ፈረንጆቹ የሰጡት ምክንያት ነው። ውሉ ይሄ የሚቆየው የኢትዮጵያ ህግ ከአውሮፓ ህግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ነው ይላል። ፍርዳችሁ አይታመንም ነው ነገሩ። ስድብ ነው፣ አዎ። ግን ወገኖቼ እውነቱን እንነጋገር፣ ስድቡ የሚንጠለጠልበት ነገር ነበረው፣ ባለእዳና ባለገንዘብ በቁራኛ አንድ ላይ ታስረው ይውሉ ነበር፣ በሌባሻይ ህጻን ልጅ መድሃኒት አጠጥተው የገባበትን ቤት ሌባ ነው ይሉ ነበር፣ ጉቦውም መማለጃውም ነበር። እነዚህን እያነሱ ነው አይናችን እያየ ፍርዳችንን የወሰዱብን።

በሌላ በኩል ያልነገሩን ነገር አለ። ይሄ ህዝብ ህግ የሚወድ ህዝብ ነበር። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ የማያውቁትን መንገደኛ ዳኝተን ሂድ ብለው ያስቆሙት ነበር፣ መንገደኛውም ጉዳዩን ጥሎ ቆሞ ይሰማል፣ ይፈርዳል። በላ ልበልሃ እየተባባለ በግጥም የሚሟገት ህዝብ ነው። አያቴ በህግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው የሚሄድ ውሃ ይቆማል ትል ነበር፣ አባባሉ የሷ ብቻ አይደለም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሷ ግን እውነት ታምንበት ነበር፣ ቃሉን ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጣ ቀጥ ትላለች።

አባቶቻችን ዝም ብለውም አልተቀመጡም። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ልዩ ፍርድ ቤት የሚባል ተቋቋመ፣ የኛና የውጭ ሰው ክርክር እዛ እንዲታይ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንኳ ዳኛ ሆነው የተቀመጡበት ቦታ ነው። ደራሲነታቸውን ብቻ ነው የምናወራው፣ ከቆንስሎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሀገር ሰው ሀቅ እንዳይበላ የተከራከሩበትን ዘመን ማን ያነሳዋል? በ1923 ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ህግ ወጣ፣ ህጋችሁ ህግ አይመስልም ላሉን ይኸው ህግ የሚል መልስ ነበረው።

ከዛ ፋሽስት መጣ። ነጻ ስንወጣም ችሎቱ ሙሉ በሙሉ የኛ አልሆነም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥር 23 ቀን 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት ላይ የውጭ ሀገር ሰው የገባበት ክርክር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲታይ ከዳኞቹ ቢያንስ አንዱ እንግሊዛዊ ይሁን ይላል። የውጭ ሰውዬው ጉዳዩ በታችኛው ፍርድ ቤት ከተያዘ ያለ ተጨማሪ ወጪ ወደ ከፍተኛው ይዛወርልኝ ማለት ይችላል፣ የኛ ሰው ግን ይሄ መብት አልተጻፈለትም። በ1937 ውሉ ሲታደስ እንግሊዛዊ የሚለው ወጣና በሌላ ሀገር የዳኝነት ልምድ ያለው የሚል ገባ። ቃል በቃል እየተሟገቱ ነው ያስለቀቁት። ግብጾችማ ድብልቅ ፍርድ ቤት የሚሉት፣ አብዛኞቹ ዳኞቹ የውጭ ሰዎች የሆኑበት ነገር ከ70 ዓመት በላይ አንገታቸው ላይ ተቀምጦ በፈረንጆቹ 1949 ነው የተገላገሉት።

እንግዲህ አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

አንድ ጎረቤቴ ከአንድ የውጭ ሀገር ተቋራጭ ጋር ይሰራ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው የወራት ደሞዝ ከለከለው፣ ሲጠይቅ ከበር አስወጣው፣ አራት የስራ ባልደረቦቹ ቆመው እያዩ። ከሰሰ። ችሎቱ ላይ ቆንስል የለም፣ ዳኛዋ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ህጉ በአማርኛ የተጻፈ የኢትዮጵያ ህግ ነው፣ ያ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተለመነው የተሟገቱለት ነገር በሙሉ እዛች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሟልቶ ተቀምጧል። አራቱ ምስክሮች አልመጡም። አንዱ ስልኩን አጠፋ፣ አንዱ እኔ ልጆች አሉኝ አለ፣ አንዱ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ፣ ፈረንጅ ከሰህ ልታሸንፍ ነው እንዴ አለው።

ይሄን አባባል ስሰማ ደሜ ፈላ። ማንም ሳያስገድደን፣ ማንም ውል ሳያስፈርመን፣ ቆንስሉን በጭንቅላታችን ውስጥ መልሰን ወንበር አውጥተን አስቀመጥነው ማለት እኮ ነው! ያኔ ፍርዳችሁ አይታመንም ያሉን ፈረንጆች ነበሩ፣ ዛሬ እኛው ነን የምንለው። እንለውና ደግሞ እንዳይታመን የምናደርገውም እኛው ነን፣ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ያላየውን አየሁ ብሎ ለመማል ዋጋ የሚደራደር ሰው በአይኔ አይቻለሁ፣ ያየው ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ መጥሪያውን ፍሪጅ ላይ ይለጥፋል። ዳኛ ጉቦ ይበላል እንላለን፣ የሚበላም አለ፣ አልክድም፣ ግን ጉቦውን ይዞ የሚሄደው ማነው? ከሰማይ አይወርድም።

ውጭ ያላችሁት ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቤይሩት ላይ ወይ ሪያድ ላይ አንዲት እህታችን ደሞዟን ተከልክላ ፍርድ ቤት ስትቆም ከዳኛው ጎን ተቀምጦ አብሮ የሚፈርድላት የኛ ቆንስል የለም፣ አስተርጓሚ ካገኘች ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አይቼአለሁ የሚልላት አንድ ሰው አጥታ ነው ሀቋን ጥላ የምትመለሰው። ምስክር ማጣት ምን እንደሆነ የምታውቁ ሰዎች ሀገር ቤት ያለው ወንድማችሁ መጥሪያ ሲደርሰው ምን አገባህ፣ ነገር ውስጥ አትግባ እያላችሁ አትምከሩት። እባካችሁ። ይሄ ምክር ነው የሚገድለን።

ህግ አዋቂ አይደለሁም። ግን የፍርድ ነጻነት ማለት ቆንስሉ ወጥቶ መሄዱ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቆንስሉ የተነሳው ያየ ሰው ገብቶ ያየውን እንዲናገር፣ የተበደለ በማንም ላይ እንዲከስ፣ የተፈረደበትም እንዲከፍል ነው። እኛ ግን ባንዲራ ለብሰን አድዋ በዓል ላይ እንጨፍራለን፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ምስክርነት ሲሉን ታምሜያለሁ እንላለን።

የጎረቤቴ መዝገብ አልተዘጋም፣ ዳኛዋ ለምስክር የመጨረሻ ነው ብላ አንድ ቀጠሮ ሰጥታዋለች፣ የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። እኔ የሆነውን አላየሁም ስለዚህ መመስከር አልችልም፣ ግን ከሱ ጋር ሄጄ ችሎቱ ውስጥ እቀመጣለሁ። ያያችሁት አራታችሁ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፣ ታክሲ ካጣችሁ ደውሉልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።