ሳይለካ የተቆረጠው የእናቴ ምጣድ

ይህን የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ብሶቴ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሆንም፣ በጎረቤቶቻችንም ቤት ሲደርስ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰሞኑን የእናቴ ምጣድ ማታ ማታ አልግል አለ። ሊጡ ሲፈስበት ዓይን ለማውጣት ይዘገያል፤ አክንባሎው ሲነሣም እንጀራው ገርጥቶ ከምጣዱ አልላቀቅ ይላል። የተጠራው ጠጋኝ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ከቦርሳው ሳይወጣ «እማማ፣ ሽቦው አርጅቷል» ብሎ ከጥቅልሉ ጫፍ ቆረጠና የቀረውን መልሶ አሰረ፤ ሒሳቡንም ተቀብሎ ሄደ። በእርግጥ በዚያ ምሽት ምጣዱ ጋለ። በሦስተኛው ቀን ግን እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ መጋገር ስትጀምር፣ አራተኛው እንጀራ ሳይወጣ ሶኬቱ ቀልጦ ማድ ቤቱ በጢስ ተሞላ። እጇን ሳያቃጥላት መትረፏ ተመስገን ነው።

ሲነጋ የተጣለውን ቁራጭ ከማድ ቤቱ ጥግ አንሥቼ ለካሁት፤ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ 2.75 ኦም ሆነ። በምጣዱ ላይ የቀረው ደግሞ 11 ኦም ነው። ስለዚህ ሽቦው ሳይቆረጥ 13.75 ኦም ነበረው ማለት ነው። ቮልቴጁ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል አምፔሩ፣ ማለትም በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይገኛል፤ ቮልቴጁ በአምፔሩ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ በዋት ይታወቃል። በ220 ቮልት ምጣዱ 16 አምፔር ይወስድና 3520 ዋት ይሰጣል፤ ይህም ለእንጀራ የሚበቃ እሳት ነው። ማታ ሶኬቱ ላይ ያገኘሁት ግን 165 ቮልት ብቻ ነው። በዚህ ቮልቴጅ አምፔሩ ወደ 12፣ ኃይሉም ወደ 1980 ዋት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ በሩብ ሲጎድል አምፔሩም በዚያው ልክ ስለሚጎድል፣ የሚቀረው እሳት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ምጣዱ ምንም አልሆነም ነበር፤ የደከመው መስመሩ ነው።

ሽቦው ወደ 11 ኦም ሲያጥር በ165 ቮልት 15 አምፔር እየወሰደ 2475 ዋት ስለሚሰጥ፣ ጠጋኙ ያዳነው መሰለ። ነገር ግን ሰፈሩ ተኝቶ ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ያው ሽቦ 20 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም 4400 ዋት ይደርሳል። ሶኬቱ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፤ በመገጣጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ልክ ስለሚጨምር፣ ከ16 ወደ 20 መውጣቱ ሙቀቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ማታ ማታ በአንድ ቀጭን መስመር የምንጠቀም ጎረቤታሞች ሁላችን ሽቦ እያስቆረጥን ብዙ አምፔር በሳብን ቁጥር፣ በመስመሩ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ይጨምርና ለሁላችንም የሚደርሰው ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል።

የሚያንገበግበኝ ሒሳቡ ከባድ አለመሆኑ ነው። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ሕግ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይዞት ለፈተና ጽፎታል። ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ቤት የሚገባ ባለሙያ አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ስለምን ይከብደዋል? ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ቢያሳርፍ ኖሮ መቁረጫውን አያነሣም ነበር።

አዲስ ሽቦና አዲስ ሶኬት ገዝተን አስገጥመናል። ማታ ቮልቴጁ ዛሬም 165 ነው፤ እናቴም እንጀራ ለመጋገር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች።