የፈሰሰ ድፍድፍ ነዳጅ፦ ዳርቻው ይታጠብ ወይስ ለተፈጥሮ ይተው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ከመርከብ የፈሰሰ ድፍድፍ ነዳጅ የባሕር ዳርቻን ሲበክል፣ ዳርቻውን በኃይል ከማጠብ ለተፈጥሮ መተው ይሻላል።»

ደጋፊ (ከደብረ ብርሃን)፦ በ1959 ዓ.ም. ቶሬ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል አቅራቢያ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ስታፈስ፣ ባለሥልጣናቱ 10 ሺህ ቶን የሚጠጋ የማጽጃ ኬሚካል ረጩ። ድፍድፉ ያልገደለውን ቀንድ አውጣ ኬሚካሉ ፈጀው። ያልተረጨባቸው ዓለቶች በ2 እና በ3 ዓመት ሲያገግሙ፣ ክፉኛ የተረጨባቸው ከ10 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። መጋቢት 15 ቀን 1981 ዓ.ም. ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት 37 ሺህ ቶን ገደማ ስታፈስ ደግሞ ዳርቻው በግፊት በሚረጭ ፍል ውኃ ታጠበ፤ ውኃው በጠጠሩ መካከል የሚኖሩትን ትንንሽ ፍጥረታት ቀቀላቸው፣ ደቃቁንም አፈር ጠርጎ ወሰደው። ዓለቱ ለካሜራ ጸዳ፤ ሕይወቱ ግን ተጎዳ።

ተቃዋሚ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እህቴ፣ ስለ ኬሚካሉና ስለ ፍል ውኃው ያቀረቡት እውነት ስለሆነ አልከራከርዎትም። ይሁን እንጂ የተተወው ድፍድፍ የት እንደሚሄድ አልነገሩንም። በአላስካ 250 ሺህ ያህል የባሕር ወፎችና 2,800 ያህል የባሕር ኦተሮች (በባሕር የሚኖሩ ጸጉራም አጥቢ እንስሳት) እንዳለቁ ይገመታል፤ ኦተር ከብርድ የሚጠብቀው ጸጉሩ ብቻ ነውና ጸጉሩ በዘይት ሲጣበቅ በቅዝቃዜ ይሞታል። ከጠጠር ሥር ተቀብሮ አየር ያላገኘው ድፍድፍ ከ20 ዓመት በኋላም ሲቆፈር ይገኝ ነበር። ኦተሮቹ ምግባቸውን ከዚያው ጠጠር ቆፍረው ስለሚያወጡ፣ ክፉኛ በተበከለው አካባቢ ቁጥራቸው እስኪያገግም ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ወሰደ። ታዲያ ተፈጥሮ አጸዳችው የምንለው የቱን ነው? እኛ ሽንኩርታችንን በሮቢ ወንዝ የምናጠጣ ሰዎች፣ ከጣርማበር የሚወርድ ቦቴ ተገልብጦ ናፍጣው ወንዙ ውስጥ ቢገባ «ይተው» የሚለንን አንሰማም።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ናፍጣና ድፍድፍ አንድ አይደሉም። ናፍጣ ቀላል በመሆኑ ከፊሉ ቶሎ ይተናል፤ ድፍድፍ ግን ከባዱ ክፍሉ እንደ ሬንጅ ዓለት ላይ ይጋገራል። በወንዝም ሆነ በባሕር፣ ገና የሚንሳፈፈው ተከብቦ ይቀዳ፤ ይህን አልተቃወምኩም። የምቃወመው ዓለት ላይ የደረሰውን በፍል ውኃ ማሳደድን ነው።

ተቃዋሚ፦ እንዲህ ከሆነ ልዩነታችን በተቀበረው ድፍድፍ ላይ ነው፤ እርሱም ያለ ፍል ውኃ በአካፋ ተቆፍሮ ሊወጣ ይችላል። አድካሚና ውድ ሥራ ነው፤ ሆኖም የቫልዴዝ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኤክሰን ለጽዳቱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳወጣ እናውቃለን። «ለተፈጥሮ ይተው» የሚለው ሕግ ሆኖ ከጸደቀ፣ ከዚህ ወጪ የሚድነው የመርከቡ ባለቤት ነው፤ ባዶ መረብ የሚጎትተው ደግሞ ዓሣ አጥማጁ።