የፌላን ሽፋኖች የሳለው ፌላ አይደለም

ፒያሳ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲ አልበም ሽፋኖች ፎቶ ሲዘዋወር፣ ብዙ ሰው «ዘፋኝ ብቻ መስሏችሁ ነው፤ ሥዕሎቹም የራሱ ናቸው» ሲል አየሁ። ወዳጆቼ፣ ይሄ ልክ አይደለም። 26 ሽፋኖችን የሠራለት የሌጎሱ ሰዓሊ ሌሚ ጋሪዮኩ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በ«አላግቦን ክሎዝ» አልበም ሲጀምር ገና አፍላ ወጣት ነበር። ፌላ በሳክስፎንና በድምፁ የናይጄሪያን ወታደራዊ ገዢዎች ሲሞግት፣ እሱ ያንኑ ሙግት ፖሊሱንም፣ እስር ቤቱንም፣ ሕዝቡንም እየሳለ በቀለም ያሳየን ነበር። ሁሉን ለፌላ ስንሰጥ የዚህ ሰው ድካም ይጠፋል፤ ያሳዝነኛል። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ ሸክላው ያላችሁ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጉና የአዘጋጆቹን ስም አንብቡ። ሌሎች የሠሯቸውም ስላሉ እያንዳንዱን ለብቻው እዩት።