እናቴ እዚሁ ተቀምጣለች፤ እሷኑ ጠይቋት

አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ የምትመላለሱ ሁሉ ይህን ብሶት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ደግሞ ዕድሜ ይስጣችሁና ትደርሱበታላችሁ።

ካርድ ክፍል ትሰለፋላችሁ። ካርዱ «የለም» ይባላል፣ ይፈለጋል፣ ከሌላ ሰው ካርድ ሥር ይገኛል። ግፊት ትለካለች። ተራ ትጠብቃላችሁ። በስንት መከራ ምርመራ ክፍል ስትገቡ እናታችሁ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ እናንተ ከኋላዋ ትቆማላችሁ። ባለሙያው ቀና ብሎ የሚያየው ግን እናንተን ነው። «ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» «ስንት ዓመታቸው ነው?» «ምግብ ይበላሉ?» ሴትየዋ እኮ ፊቱ ተቀምጣለች! የዕድሩን ሒሳብ ለዓመታት የያዘች፣ ሁላችንም የተወለድንበትን ቀን ከነታቦቱ የምትነግረን ሴት ናት። ጉልበቷ ደከመ እንጂ አእምሮዋ የትም አልሄደም። እኔ «እሷ ትንገርዎት» ስል ባለሙያው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሰልፉን አስረዘምኩበት። አንድ ቀን ስንወጣ «እኔ እዚያ ቤት የለሁም እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

አንዳንዱ ደግሞ እሷን ይጠይቃል፤ አልዋሽም። «እንዴት ነዎት እማማ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ምን ልትል ኖሯል? በእኛ አገር ለሰላምታ ምሬት አይመለስም፤ ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው እንኳ ሲጠይቁት «ይመስገን» ነው የሚለው። ባለሙያው ግን ይህችን የጨዋ መልስ እንደ ምርመራ ውጤት ቆጥሮ ካርዱ ላይ ያሰፍራታል፦ ቅሬታ የላትም፣ መድኃኒቷን ትቀጥል። ቤት ስንደርስ ቅሬታው ይጀምራል። ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ ስትነሣ ዓይኗ ላይ የሚጋርዳት ነገር። «ለምን አልነገርሽውም?» ስላት «አልጠየቀኝማ» ትለኛለች። ደግሞም እውነቷን ነው። ሰላም ነው ያላት። «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሲነሡ ያዞርዎታል? ባለፈው ወር ወድቀዋል?» ብሎ ቢጠይቃት አንድ በአንድ ትዘረዝርለት ነበር።

የጆሮዋንም ነገር ተውት። አንደኛው ጆሮዋ ከብዷል። ባለሙያው አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ፣ በፍጥነት ያወርድባታል። እሷ ትነቀንቃለች። «ገባዎት?» ሲላት «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» ትላለች። አልገባትም። አልሰማችም እኮ! መጮህ አያስፈልግም፤ ዞር ብሎ ፊት ለፊት፣ ረጋ ብሎ መናገር ይበቃል። «ገባዎት?» ከማለት ደግሞ «እስኪ ክኒኑን ቤት ሲሄዱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ቢላት፣ የገባትና ያልገባት እዚያው ይለይ ነበር። ያን ጊዜ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ እንደገና ማስተርጎም አይጠበቅብኝም።

የባሰውን ልንገራችሁ።

እናቴ ስኳር አለባት። ለዓመታት ከሜትፎርሚን ጋር ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ስትወስድ ኖራለች። ይህ ክኒን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ሥራውን አይተውም። ለዚህ ነው ከምግብ ጋር ውሰዱ የሚባለው። እናቴ ደግሞ ጾመኛ ናት፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በፍልሰታም ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። መድኃኒት ጾም አያስፈታም ብላ ክኒኗን ጠዋት በጠበል ትውጠውና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኩለ ቀን ሲሆን ስኳሯ ይወርድና ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የምትናገረው ይቃወስባታል፣ የልጆቿን ስም ታቀያይራለች። ተሯሩጠን አጉርሰን፣ ሻይ በስኳር አጠጥተን ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ስኳሯ ይለካል። በልታ፣ ጠጥታ ነው የመጣችው፤ እንዴት ከፍ አይበል? «ስኳራቸው ከፍ ብሏል» ተባለና የመድኃኒቱ መጠን ተጨመረላት። ግራ መጋባቷንስ ስንል? «እርጅና ነው።»

እርጅና ነው! ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሐሙስ ደህና የነበረች ሴት ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አርጅታ፣ ማታ ራቷን ስትበላ ወጣት የምትሆንበት እርጅና የት አገር ነው ያለው?

መልሱ እኛው ቤት ውስጥ ነበር። ሠራተኛችን ታውቀዋለች። ክኒኑን በማለዳ የምታቀብላት እሷ ናት፣ መጾሟን የምታየው እሷ ናት፣ ላቡን የምትጠርገውም እሷው ናት። ግን ማን ጠይቋት? ጤና ጣቢያ የምትሄደው እናቴ ናት ከእኔ ጋር፤ እኔ ደግሞ ክኒኑን በምትውጥበት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። እናቴም ጾሟን ለሐኪም አታወራም። «ተይው ይለኛል» ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ስለ አንዲት ሴት የሚታወቀው ነገር በሦስት ሰው ተበትኖ ተቀመጠ፤ ሦስቱን የሚያገናኝ ጥያቄ ከሐኪሙ በኩል አልመጣም።

በመጨረሻ የጠየቀችው አዲስ የተመደበች ነርስ ናት። «ይጾማሉ ወይ?» አላለቻትም፤ እንዲህ ቢሏት እናቴ ተከላካይ ጠበቃ ሆና ትቀመጥ ነበር። «በጾሙ ጊዜ ክኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?» አለቻት፣ መጾሟን የታወቀ ነገር አድርጋ። እናቴ ያለ ምንም መሸማቀቅ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ጤና መኮንኑ ሄደች። በዚያው ሳምንት መድኃኒቱ ተቀየረ፤ የንስሐ አባቷም በበኩላቸው ለበሽተኛ የሚፈቀደውን ፈቀዱላት። ዓመታት የፈጀብን ነገር ከአንድ ጥያቄ በላይ አልወሰደም። ኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ራሱ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይስማማ ጽፎታል። (ይህን አንብባችሁ የወላጆቻችሁን ክኒን በራሳችሁ እንዳታስጥሉ፤ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ።)

የእናቴ ብቻ ቢሆን ዕድሏ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። አጎቴ ጋሼ ደም ግፊት አለበት። ሆስፒታል አምሎዲፒን አዘዘለት፤ ከውጭ መድኃኒት ቤት በአንድ የንግድ ስም ገዛነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሆስፒታሉ ያዘዘውን ሳያውቅ ያንኑ አምሎዲፒን በሌላ ስም፣ በሌላ ሣጥን ሰጠው። ጋሼ ሁለቱንም ይወስዳል፤ ታዛዥ ሰው ነው። እግሩ አበጠ። መድኃኒቱ እግር እንደሚያሳብጥ የነገረን ሰው ስላልነበረ ለእብጠቱ የሚያሸና ክኒን ታዘዘለት። ከዚያ ሌሊት ለሽንት ሲነሣ እያዞረው መውደቅ ጀመረ። እዚህም «እርጅና ነው» ተባለ፤ ከዘራ ግዙለት ተባልን። ግፊቱን ደግሞ ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የሚለኩት። ቆሞ አንድ ደቂቃና ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ቢለኩት፣ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ቢወርድ፣ የሚጥለው ምን እንደሆነ ይታይ ነበር። ሦስት ደቂቃ ነው የምለው። ነገሩን የፈታችው የሰፈራችን ፋርማሲስት ናት፦ «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁልኝ ኑ» አለችን። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ስትገለብጠው ያልነበረ ነገር አልነበረም፤ ከቨርጂኒያ ወንድሜ የላከው ቫይታሚን፣ ጎረቤት ያካፈለችው የጉልበት ማስታገሻ፣ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ፣ ሁለቱም አምሎዲፒኖች።

ወንድሜን ካነሣሁ አይቀር፤ በየእሁዱ ይደውላል። «ሐኪሙ ምን አለ?» ይለኛል። ምን እንደምለው አላውቅም። ሐኪሙ ለእኔም አልነገረኝ። እንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ ፊደሉ የማይነበብ ወረቀት ነው የሰጠኝ። ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፣ እሱም እዚያ የሚያውቃት ነርስ ታነብለታለች፣ ትርጉሙ ባሕር ተሻግሮ ይመለስልናል። ጤና ጣቢያው ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው እኮ!

ሪፈሩም እንደዚያው ነው። የጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ቀርቦ ሪፈር ካልተጻፈለት ሆስፒታሉ ከኪሱ ያስከፍለዋል። ሥርዓቱ ይገባኛል፤ እንዲያውም መልካም ነው፣ አንድ የሚያውቃችሁ ቦታ ይኑራችሁ ማለት ነው። ግን ወረቀቱ ሄዶ አይመለስም። ሆስፒታሉ መልስ ጽፎ አይልክም፤ ቢልክም በእኛው እጅ ነው። ተመልሰን ስንሄድ ባለሙያው እናቴን «ሆስፒታል ምን አሏችሁ?» ይላታል። በሁለት ተቋም መካከል ፖስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ያውም ደብዳቤውን ማንበብ የማይችል ፖስተኛ።

እኛ አስታማሚዎችም እንደ መልአክ የምንቆጠር አይደለንም። አንዳንድ ጊዜ መውጣት አለብን። እናቴ ሽንት እንደሚያመልጣት እዚህ ያለው ታላቅ ወንድሜ ፊት ሞታ አትናገርም። መኪና ስላለው ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርሳት እሱ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። «እስኪ ለአፍታ ውጭ ይጠብቁን» የሚል ባለሙያ አላጋጠመንም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፣ አይጋጭም። እናቴን ብቻዋን አነጋግሯት። ከዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያገላብጣትን ሰው ጥሩና ጠይቁ፤ ጥሩ የለበሰውን ሳይሆን ክኒኑን የሚያቀብለውን።

«ጊዜ የለንም» ትላላችሁ። አያለሁ፤ ኮሪደሩ ሙሉ ነው፣ አንዲት ነርስ የሦስት ሰው ሥራ ትሠራለች፣ ደመወዙም የሚወራ አይደለም። በእነሱ ላይ ብቻ አልፈርድም። ግን እናቴ ላልተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ሲባል ስንት ጊዜ ተመላለስን? ያ ሁሉ ካርድ፣ ያ ሁሉ ላብራቶሪ፣ ያ ሁሉ ተራ የማን ጊዜ ነበር?

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ቤት ለቤት መሄድን ያመጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእናቶችና ለሕፃናት የሠራው አይካድም። የእኛ ሰፈር ባለሙያም ትመጣለች፣ ደግ ልጅ ናት። ነፍሰ ጡር አለ? የለም። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን አለ? የለም። መዝገቧን ዘግታ ትወጣለች። እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች «ቡና ሳትጠጪ?» ትላታለች። አዛውንት አለ ወይ ብላ ጠይቃን አታውቅም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና አሥር ዓመት ብሎ ሰይሞታል አሉ። አሥር ዓመቱ ከመገባደዱ በፊት አንድ መስመር መዝገቡ ላይ ብትጨመር አልጠላም።

የሚቀጥለው ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን በአማርኛ በአንድ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ፌስታሉም ተዘጋጅቷል። ሠራተኛችንም አብራን ትሄዳለች። በሩ ላይ «አስታማሚ አንድ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ስለዚህ እሷ ትገባለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። ባለሙያው «የቤተሰብ ሰው የለም እንዴ?» ብሎ እሷን መልሶ ካስወጣት ግን በዚያ ቀን የምጽፈውን እንድትጠብቁ አስጠነቅቃለሁ።